ከውጭ የተቀረቀረው ዕቃ ቤት

በጂንካ ሰው አፍ ላይ የቆየ አንድ ፍርድ አለ፤ ወይዘሮ ብዙወርቅ ባልተመቻት ቀን እንኳ ቤቷን ለሕሙማን የከፈተች ክርስቲያን ናት ይላል። ፍርዱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እስከ ገበያው ዳር ተዳርሷል፤ በሰርግ ላይ ተነግሯል፤ የንስሐ አባቷም ሰምተውታል። ርኅራኄ የሚታወቀው ሲመች ሳይሆን ሳይመች እንደ ሆነ ማንም አይክድም፤ በተረፈ እንጀራና በተረፈ ጊዜ የሚደረግ ቸርነት ከልማድ አያልፍም። በዚህ መለኪያ ብትለካ ሴትዮዋ ፈተናውን አልፋለች ማለት ነው። የሆነው ነገር ግን እንደሚከተለው ነው።

ብዙወርቅ አያቶቿ ከሰሜን መጥተው ጂንካ ላይ የከተሙ፣ በዚያው ተወልዳ በዚያው ያደገች ነጋዴ ናት። ሱቋ ከቅዳሜው ገበያ መውጫ ላይ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ምላጭ፣ ዶቃና በጆንያ የቡና ገለባ ትሸጣለች። ባሏ ደምሰው በሞት ሲለያት ያስቀረላት አንዲት ልጇን ትጊን ነው። ጾም አታፈርስም። ነዳያን በሯ ላይ ሲቆሙ «እግዜር ይስጥልን» ብላ አታሰናብትም፤ ቁራሽም ቢሆን ታነሣለች። ቸርነቷን ግን እንደ ሱቋ መዝጊያ ታየው ነበር፤ የሚከፈትበትንም የሚዘጋበትንም ሰዓት የምትወስን እርሷ ብቻ ነበረች። ይህን ጉድለት በራሷ ላይ አይታው አታውቅም፤ ያሳያትም ሰው አልነበረም።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ትጊ ገና ሳትወለድ፣ ከደምሰው ጋር ማር ሊገዙ በበና አገር ወዳለው የአልዱባ ገበያ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና ደረቁ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ የተሳፈሩባትን መኪና አገዳት። በዚያ ላይ ደምሰው ወባ ተነሥታበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያስጠጋቸው አንድ የበና ሽማግሌ ነው። ቤቱን አስለቅቆ ቤተሰቡን ውጭ አሳደረ፤ ፍየል አረደ። የልጁ የኦይታ ሚስት ጋዲ በዚያ ወራት አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ወተት በቅል እያመጣች፣ የደምሰውን ራስ ቀና አድርጋ ይዛ ታጠጣው ነበር። ወንዙ ጎድሎ ሲነሡ ሽማግሌው አንዲት ፍየልና ማር ጨመረላቸው። ብዙወርቅ ጂንካ እንደ ገባች ጋቢና ጨው በሰው እጅ ላከችለት። ለባሏም የሰው ነገር ማሳደር አልወድም አለችው። በእርሷ አእምሮ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ግን አላለቀም። ኦይታ ለቅዳሜ ገበያ በወጣ ቁጥር ሸክሙን የሚያወርደው በብዙወርቅ በረንዳ ላይ ሆነ። ሳያስፈቅድ ይገባል፤ ውሃ ከእንስራው ራሱ ቀድቶ ይጠጣል፤ ከተሜው ሁሉ እትዬ የሚላትን ሴት «ብዙ» እያለ ይጠራል። አንዳንድ ቀን ማር አምጥቶ ያስቀምጥና ምንም ሳይናገር ይወጣል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጣቱን ወደ መደርደሪያው ቀስሮ «ይህን ስጪኝ» ይላል። ብዙወርቅ ትሰጠዋለች፤ ኋላም ለእድርተኞቿ እያወጋች ትስቃለች። አለመሠልጠኑን በትዕግሥት ችላ የምትኖር ይመስላት ነበር። ደምሰው ሲሞት ኦይታ ፀጉሩን ተላጭቶ መጥቶ ከድንኳኑ በር ላይ ቀናቱን ሁሉ ተቀምጦ ሰነበተ። ይህንንም የገጠር ሰው የዋህነት ብላ አለፈችው።

ትጊ አድጋ አስተማሪ ከሆነች በኋላ ኖላዊ የሚባል የአርባ ምንጭ ልጅ ሊያገባት ፈለገ። የኖላዊ ወላጆች በወግ የማይደራደሩ ናቸው ተባለ። ሽማግሌ የሚልኩበት እሑድ ሲቆረጥ ብዙወርቅን አንድ ነገር አስጨነቃት፤ በእርሷ በኩል የሚቀመጥ ወንድ ዘመድ የለም። ደምሰው የለም፤ ወንድሞቿ ሩቅ አገር ናቸው። አስባ አስባ ሽመልስ የሚባል የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለመነች። ሰውዬው ትጊን በስም እንኳ በቅጡ አያውቃትም፤ ነገር ግን ኮቱም ንግግሩም ያማረ ነው። ቤቱ ቀለም ተቀባ። ከሳሎኑ አጠገብ ያለችው ክፍል ተጠርጋ፣ አልጋዋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጠፈባት።

ኦይታ ሚስቱን ደግፎ በረንዳው ላይ የደረሰው በዋዜማው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ጋዲ ከስታለች፤ ስትተነፍስ ትከሻዋ አብሮ ይነሣል፤ ሳሉ ሲጀምራት አፏን በለበሰችው ቆዳ ጫፍ ትይዛለች።

«ብዙ፣ ጋዲ ታማለች» አለ ኦይታ። «ሳንባ ነው አሉ። መርፌ አለ፤ ጠዋት፣ ጠዋት። እስኪያልቅ ከከተማ አትውጣ አሉ። ቤት መጣን።»

ብዙወርቅ በእጇ ትራስ እንደያዘች ቆመች። ከሁሉ በፊት ወደ ልቧ የመጣው ሐዘኔታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሐዘኔታው ግን ብቻውን አልቆየም፤ ቅባትና ቀይ አፈር በተቀባው የጋዲ ፀጉር ላይ ዓይኗ አርፎ፣ ከዚያ ወደ ነጩ አንሶላ ሄደ።

«ኦይታ፣ ዛሬ አይመቸኝም። ነገ እንግዳ አለብኝ። የትጊ ሽማግሌዎች ናቸው።»

የኦይታ ፊት በራ። «ትጊ? ጥሩ ነው። እንግዳ ይምጣ። እኛ እንግዳ አይደለንም።»

ይህን ቃል እንደ ድፍረት ቆጠረችበት። አልቤርጎ ይዛላቸው ወጪውን እርሷ እንደምትችል በዝግታ አስረዳችው። እርሱም እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ከጨረሰችም በኋላ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ እንደ ተነገረው ሆኖ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሚስቱን አስቀመጠ። ብዙወርቅ ግራ ገባት። ልታባርራቸው አልቻለችም፤ እንግዳን ስለ መቀበል በወንጌል የተጻፈውን ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች። ልታስገባቸውም አልቻለችም። ስለዚህ መካከለኛ ነገር አገኘች፤ በጓሮ በኩል ያለውን ዕቃ ቤት።

ጆንያዎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋች፤ ሰሌን አነጠፈች፤ ብርድ ልብስ ደረበች። አጥሚት አፍልታ በጭልፋ እየቀዳች ለጋዲ ሰጠቻት። ከዚያም ሙቅ ውሃ አምጥታ፣ አቧራ የለበሰ እግሯን በገዛ እጇ አጠበችላት። ይህን ታደርግ ዘንድ ያዘዛት ማንም አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት ያደረገችው መልካም ነው።

ትጊ ከበሩ ላይ ሆና ታይ ነበር። «እማዬ፣ ለምን እዚህ? አልጋው ባዶ ነው እኮ።»

«ነገ ሽማግሌ ይቀመጥበታል።»

«አልጋ ላይ?»

«አፍሽን ያዢ» አለች እናት። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ሳሉ ቢተላለፍስ ብላ ጨመረች። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ምክንያት የሚሰጥ ሰው እውነተኛውን ሦስተኛ አድርጎ ደብቆታል ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት ኦይታ ሚስቱን መርፌ አስወግቶ መለሳት። ከዚያ ወንዝ ወርዶ ታጠበ፤ አዲስ ሽርጥ አገለደመ፤ ከእጁ የማትለየውን ትንሽ በርጩማ ይዞ በጓሮው በኩል ወደ ሳሎኑ በር ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። ብዙወርቅ ድስት ይዛ ስታልፍ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀችው።

«ስትጠሪኝ እመጣለሁ» አላት።

ወንበር በመሸከም፣ ውሃ በመቅዳት ሊረዳት ያሰበ መሰላት፤ ልቧ ተነካ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለችው። ሽማግሌዎቹ የአጥሩን በር ሲያንኳኩ ግን ሐሳቧ ተለወጠ። ጋዲ ብቻዋን ናትና ግባላት ብላ ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባችው፤ በሩንም መልሳ ከውጭ ቀረቀረችው።

«ነፋስ እንዳይከፍተው ነው» አለቻት ትጊን።

ነፋስ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ በወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ በወጉም ተለምነው ተቀመጡ። ቃል የሚያቀርቡት አቶ ወልደጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ አዛውንት ነበሩ። የልጁን ትምህርትና ጠባይ ዘርዝረው ወደ ትጊ ወገን ጥያቄ ሊሻገሩ ሲሉ ከጓሮ የጋዲ ሳል ተሰማ፤ ረጅም፣ ደረት የሚፍቅ ሳል ነው። ሽመልስ ወደ ብዙወርቅ ዞረ። አቶ ወልደጊዮርጊስም ንግግራቸውን አቋርጠው ማን እንደ ታመመ ጠየቁ።

ብዙወርቅ ፊቷ ጋለ። ለመዋሸት ጊዜ አልነበራትም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ እውነቱን አታውቀውም። ያላትን ተናገረች።

«ከበና የመጡ ሕሙማን ናቸው፣ አባቴ። ማደሪያ ቢያጡ ስለ እግዚአብሔር ብዬ አስጠጋኋቸው።»

አዛውንቱ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ወደ ጓዶቻቸው ተመለከቱ። «እኛ የመጣነው ዘር ልንጠይቅ ነበር» አሉ። «በእንዲህ ያለ ቀን ለማያውቁት ሰው በራቸውን የሚከፍቱ ከሆነ ከዚህ ወዲያ ምን እንጠይቃለን?»

ነገሩ በዚያው አማረ። ሽመልስ በተሰጠው ቦታ ያማረ ንግግር አደረገ፤ ትጊ ተሰጠች፤ ምሳ ተበላ። ጂንካ የምትናገረው ፍርድ ከአቶ ወልደጊዮርጊስ አፍ ወጥቶ ወደ ገበያው የገባውም ከዚያ ማዕድ ተነሥቶ ነው።

እንግዶቹ እንደ ወጡ ብዙወርቅ ከምሳው መልካም መልካሙን በሰሐን አድርጋ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። ደስ ብሏታል፤ እንዲያውም የምሥራቹን ያመጣላት ያ ሳል ስለ ሆነ ለሁለቱ ሰዎች አዲስ ፍቅር ተሰምቷታል። መቀርቀሪያውን ስታነሣ ኦይታን በርጩማው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አገኘችው። ሽርጡ ንጹሕ እንደ ነበረ ነው።

«ብዙ፣ አለቀ?»

«አለቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ትጊን ሰጠሽ?»

«ሰጠሁ።»

«ደምሰው የለም። ማን ተቀመጠ?»

«አቶ ሽመልስ።»

«ወንድምሽ ነው?»

«አይደለም። የቢሮ ሰው ነው።»

«እኔ እዚህ ነበርኩ» አለ ኦይታ።

በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጣ ኖሮ ይቀላት ነበር። ገበያ መካከል መንገድ እንደ ጠፋበት ሰው ያያታል። ብዙወርቅ የራበው መስሏት ሰሐኑን ዘረጋች፤ ከእንግዶቹ ፊት የተነሣ ሳይሆን አስቀድማ ያስቀመጠችው መሆኑንም ነገረችው። አልተቀበላትም። ያን ጊዜ ደንግጣ አልጋው አሁን ነጻ ነው፣ ጋዲን እናስገባት፣ መርፌዋ ሳያልቅ የትም አትሂዱ ማለት ጀመረች። ጋዲ ከሰሌኑ ላይ ሆና በቋንቋዋ አጭር ነገር ተናገረች፤ ኦይታ አልተረጎመውም። ሚስቱን አንሥቶ፣ በሱቁ በኩል ሳይሆን በጓሮው አጥር በር ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ከመኪያ በረንዳ ላይ አስቀመጣት።

መኪያ ባለ ጨርቅ ሱቅ ናት፤ ከብዙወርቅ ጋር ለዘመናት ትይዩ ተቀምጠው ሲነግዱና ሲሻሙ የኖሩ ናቸው። ባሏ ነስረዲን ከወይጦ እስከ አልዱባ ቆላውን ሲዞር ያረጀ ነጋዴ ስለ ሆነ የዚያን አገር ሰው ጠባይ ታውቃለች። በማግሥቱ ጠዋት ብዙወርቅ አጥሚት ይዛ ስትሻገር ከደጃፉ ላይ ተቀበለቻት።

«ብዙዬ፣ ማን ሞተብሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ኦይታ ነዋ የጠየቀኝ። ብዙ ምን ደረሰባት፣ ልቧ ተሰወረ ወይ አለኝ። ሰው በደኅና ቀን ወዳጁን ከውጭ አይቆልፍበትም ይላል። ምን ልበለው? ቀለም ቀብታ ነው ልበለው?»

ብዙወርቅ የወዳጅነቱን ነገር አላውቅም አለች። አባቱ ፍየል ሰጠኝ፣ እኔም ጋቢ ልኬ ነገሩን ጨርሻለሁ አለች።

መኪያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «ምኑን ነው የጨረስሽው? እነርሱ ዘንድ ስጦታን በስጦታ ስትመልሺ እኮ መጀመርሽ ነው። ጋቢውን ባትልኪ ኖሮ መንገደኛ ነበርሽ፤ ስትልኪ ግን ዘመድ ሆንሽ። ከዚያ ወዲያ ቤትሽ ቤቱ ነው፤ ልጅሽም ልጁ። ማሩን በነጻ የሚያፈስልሽ ለመልክሽ መስሎሽ ነበር?»

ብዙወርቅ አጥሚቱን ይዛ ቆመች። ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ይመለስባት ጀመር፤ ሳያስፈቅድ የተቀዳው ውሃ፣ በቀብሩ ሰሞን የተላጨው ራስ፣ «ስትጠሪኝ እመጣለሁ» የሚለው ቃል። ነገር ግን ሲመለስባት ይበልጥ ተደናገረች እንጂ አልተገለጠላትም። ሳታውቅ የገባችበት ወዳጅነት ሊያስጠይቃት ይችላልን? ደግሞስ ባታስገባቸው ኖሮ ማን ይወቅሳት ነበር? አስገባቻቸው፤ አበላቻቸው፤ እግር አጠበች። ታዲያ ይህ ማፈር ከየት መጣ?

ጋዲ መርፌዋን የጨረሰችው በመኪያ ቤት ነው፤ ድናም አገሯ ገባች። በእነዚያ ቀናት ብዙወርቅ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዛ ሳትሻገር አልቀረችም። ጋዲ ትቀበላታለች፤ ትጠጣለች፤ ቅሉን ትመልሳለች። ኦይታም ሰላምታ አይነፍጋትም። የወቀሳት ሰው የለም፤ ይህም አላሳረፋትም። ከዚያ በኋላ ግን የቅዳሜ ሸክሙን የሚያወርደው በመኪያ በረንዳ ሆነ። ጨው ሲያስፈልገው ወደ ብዙወርቅ ሱቅ ይመጣል፤ ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዋጋውን ይጠይቃል። ቀድሞ በዚህ ሰው ሥርዓት ማጣት ትማረር የነበረችው ሴት ሥርዓቱን ባየች ጊዜ ጨው ስትሰፍርለት ቁጥሩ ይምታታባት ጀመር። አንድ ቀን ግባ እንጂ ኦይታ፣ ውሃ ጠጣ አለችው። ደግ ሰው ደግ ለሆነ ባዕድ እንደሚያደርገው በእጁ ምልክት አመስግኖ ሄደ።

ለትጊ ሰርግ መኪያን አማላጅ አድርጋ ሰው ላከችበት። ከብት በሽታ ይዞበታል የሚል መልስ መጣ። እውነት ይሁን ምክንያት እስከ ዛሬ አላወቀችም። በድንኳኑ ውስጥ አቶ ወልደጊዮርጊስ ያን እሑድ አንሥተው ሲያመሰግኗት እድምተኛው አጨበጨበ፤ እርሷም አንገቷን ደፋች። ሰው ትሕትና ነው አለ።

በዐቢይ ጾም መግቢያ ለንስሐ አባቷ ለቄስ ሀብተ ማርያም ነገሩን አቀረበች። ኃጢአት ይሁን ጽድቅ ስላልለየችው እንደ ኑዛዜም እንደ ጥያቄም አድርጋ ነገረቻቸው። ካህኑ ገና ከመጀመሪያው ፈገግ አሉ።

«ይህንማ ሰምቻለሁ፣ ልጄ። እንግዳ መቀበል ነው። ስለ ጽድቅም ንስሐ ይገባል እንዴ?»

«እንግዳ አይደለንም ነበር ያሉኝ፣ አባ።»

ስለ ወንዙ፣ ስለ ደምሰው ሕመም፣ ስለ ማሩና ስለ መቀርቀሪያው ስትናገር ፈገግታቸው እየጠፋ ሄደ። መጨረሻ ላይ፣ ለማያውቁት ሰው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ትልቅ ነገር እንደ ነበረ፣ ለወንድም ሲሆን ግን ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንደማያውቁ ነገሯት። ስግደት ሊያዟት ጀምረው ተዉት። መስቀላቸውን አሳልመው በጸሎት እናስበው ብለው አሰናበቷት፤ ሁለቱም ከተገናኙበት ጊዜ ይልቅ ግራ ተጋብተው ተለያዩ።

ብዙወርቅ ዛሬም ደግ ናት ይባላል፤ እርሷም ሲባል ትሰማለች። ባልተመቻት ቀን መስጠቷ እውነት ነው። የሰጠችው ግን የራሷን ምጽዋት ነበር፤ የተጠየቀችው ደግሞ የእነርሱን ድርሻ። አለማወቋ ጥፋቱን ያቀልለዋል፤ ስንት ዓመት ሙሉ አለመጠየቋ ግን መልሶ ያከብደዋል። ለጋዲ የሚገባት ተነጥፎ የነበረው አልጋ ነበር። ለኦይታ የሚገባው ከቤቱ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ትጊን መስጠት ነበር። ሁለቱም አልተሰጡም።